ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ ራስ ዳሸን፦ ካርቶን ውስጥ ያለው ቡት ይሆነኛል?

«ዕድሜዬ 46 ነው፤ ሥራዬ ቢሮ መቀመጥ ነው። ድሮ እንጦጦና ወጨጫን በየሳምንቱ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ልጆች ከተወለዱ ወዲህ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ተራራ አልረገጥኩም፤ ክብደቴም ጨምሯል። አሁን የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ በታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት የሰሜን ተራሮችን አቋርጠን ራስ ዳሸን እንውጣ ብለዋል። ዳገቱን ትንፋሽ ቢያጥረኝም እችለዋለሁ። ደረጃ ስወርድ ግን የግራ ጉልበቴን ፊት ለፊቱን ይቆረጥመኛል። ያኔ የገዛሁት የቆዳ ቡት ሁለት ጊዜ ብቻ ተጫምቼው ካርቶን ውስጥ አለ፤ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ጓደኛዬ የሩጫ ጫማ ይበቃሃል ይላል፤ ሌላው ከስክስ ግዛ ይለኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ ‹የአገሩ ሰው በኮንጎ ጫማ ይወጣው የለም እንዴ› እያለ ይስቅብኛል። የማንን ልስማ? ፋርማሲ የሚሸጠው የጉልበት ማሰሪያስ ይጠቅመኛል?»
ጉልበቱ ያሳሰበው፣ ከአዲስ አበባ

ውድ ጠያቂያችን፦

መጀመሪያ ካርቶኑን ይክፈቱት። ሁለት ጊዜ ብቻ የተጫሙት ቡት አዲስ ይምሰል እንጂ የሰባት ዓመት ጫማ ነው፤ ጫማን የሚያስረጀው ደግሞ መንገድ ብቻ አይደለም። በብዙዎቹ የተራራ ቡቶች ከላይኛው ቆዳና መሬት ከሚነካው ጎማ መካከል ፖሊዩሬቴን የሚባል ስፖንጅ አለ። ይህ ስፖንጅ ከአየሩ በሚስበው እርጥበት ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ቢጫሙትም ባይጫሙትም። ካርቶን ውስጥ ታፍኖ የከረመ ቡት ሁልጊዜ ሲረገጥ ከኖረው ቀድሞ ሊፈርስም ይችላል። ከተመረተ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው። ክፋቱ ከላይ ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው፦ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ የሶሉ ጥርስ አላለቀም፣ ከዚያ በሁለተኛው ቀን ቁልቁለት መሃል ሶሉ ከአፍንጫው ተላቆ ይንጠለጠላል።

እንዲህ አድርገው ይፈትሹት። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ከጎን በኩል ስፖንጁ ላይ ጫን ያድርጉ። ጤነኛ ከሆነ ገባ ብሎ ይመለሳል። ጥፍሩ ያረፈበት ቦታ ሰርጉዶ ከቀረ፣ ቀጫጭን ስንጥቆች ካዩ፣ ወይም እጅዎ ላይ ዱቄት ከቀረ አብቅቶለታል። ቀጥሎ አፍንጫውንና ተረከዙን ይዘው እጥፍ ያድርጉት፤ መለያየት ከጀመረ መጀመሪያ የሚታየው ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ላይ፣ በጎማውና በስፖንጁ መካከል ነው። ይህን ሁሉ ካለፈም ወዲያው አይመኑት። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሥራ ይሂዱበት፣ ደረጃ ይውጡበት። የሚፈርስ ከሆነ እዚሁ አስፋልት ላይ ይፍረስ።

ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ በማስቲሽ ማስለጠፍ አይሆንም ወይ ይሉ ይሆናል። ስፖንጁ ደህና ሆኖ አፍንጫው ላይ ያለው ጎማ ብቻ ትንሽ ከተላቀቀ ይሆናል። ስፖንጁ ራሱ ከፈረሰ ግን ማስቲሹ አጥብቆ የሚይዘው የሚፈርሰውን ነገር ነው፤ ዙሪያውን በክር ማሰፋትም ያው ነው፤ ክሩ ስፖንጁን እየቆረጠ ይወጣል። ቡትዎ ስፖንጅ የሌለው፣ ቆዳው በቀጥታ ከጎማ ጋር የተሰፋ የድሮ ዓይነት ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ቆዳውን ቅባት አጠጥተው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

አሁን ወደ ጉልበትዎ። ደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁ ነገር ዳገቱን ችለው ቁልቁለቱ ማስቸገሩ ነው፤ ከረጅም ዕረፍት በኋላ የሚመለስ ሰው ሁሉ የሚገጥመውም ይኸው ነው። ሽቅብ ሲወጡ የሚደክመው ልብና ሳንባ ነው፤ ቆም ብለው ቢያርፉ ይመለሳል። ቁልቁል ሲወርዱ ግን የጭን የፊት ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ ክብደትዎን ተሸክሞ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። እየተለጠጠ የሚሠራ ጡንቻ ብዙ ይጎዳል፤ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅተው፣ ጭን የሚተሳሰረው ለዚህ ነው። ጡንቻው ሲደክም ደግሞ ጉልበት መንገዱን ይስታል፤ የጉልበት ሎሚ ከሥሩ ካለው አጥንት ጋር በደንብ ይጫናል፤ ፊት ለፊት የሚሰማዎት ቁርጥማት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ያሰቡት መንገድም በቁልቁለት የታወቀ ነው። ሳንቃበርና ግጭ የሚባሉትን የማደሪያ ቦታዎች አልፈው ሌላው ማደሪያ ጨነቅ ሲደርሱ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። ከጨነቅ ወደ ቧሂት ማለፊያ 4,200 ሜትር ገደማ ይወጣሉ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ 2,800 ሜትር አካባቢ ይወርዳሉ። 1,400 ሜትር ቁልቁለት በአንድ ቀን ማለት ነው። ከሸለቆው ወዲያ ካለችው የአምቢቆ መንደር ተነሥቶ ከ4,500 ሜትር በላይ ያለውን ራስ ዳሸንን ወጥቶ የሚመለስ ሰው ደግሞ በማግስቱ በተሳሰረ ጭን ያንኑ ያህል ይደግማል። ስለዚህ ጫማም ልምምድም ሲመርጡ በቁልቁለት ይለኩት።

ጓደኞችዎን አንድ በአንድ እንያቸው። ለአስፋልት የተሠራ የሩጫ ጫማ ስፖንጁ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ጎርበጥባጣ ድንጋይ ላይ እግርን ያወዛውዛል፤ ሶሉም ልሙጥ ስለሆነ ድንጋይ ላይ የተበተነ ጠጠርና አቧራ ሲያገኝ ይንሸራተታል። ለተራራ ሩጫ የተሠራው ሌላ ነገር ነው፤ ቀላል ሰውነትና ጠንካራ እግር ላለው ሰው በጣም ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ ግን ዘንድሮ አንመክረውም። ከስክስ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፤ ቆዳው እስኪለምድም ተረከዝ ይልጣል። እግር ላይ የሚጨመር ክብደት ጀርባ ላይ ከሚጨመረው በግምት አምስት እጥፍ ያደክማል። አንድ ኪሎ ትርፍ ያለው ጫማ አምስት ኪሎ ትርፍ ሻንጣ እንደ መሸከም ነው፤ ቢጸጽትዎት የሚጸጽትዎ ቧሂት ላይ ነው። የኮንጎ ጫማውን ነገር ያነሣው ጓደኛዎ ደግሞ ያየው እውነት ነው፤ የረሳው ግን ያ ሰው ከልጅነቱ በዚያ መንገድ የኖረ እግር እንዳለው ነው። የእርስዎ እግር የኖረው ቢሮ ምንጣፍ ላይ ነው።

ለእርስዎ የሚሻለው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ጥንዱ ከ1 እስከ 1.2 ኪሎ የሚመዝን ቀለል ያለ የተራራ ጫማ ነው። አንገቱ ከፍ ያለ ጫማ ቁርጭምጭሚትን ከወለምታ ያድናል የሚባለው ተጋንኗል፤ ከወለምታ የሚያድነው የእግር ጥንካሬና አረማመድ ነው። ከፍ ማለቱ የሚጠቅመው ጠጠር እንዳይገባና ተረከዝ በደንብ እንዲያዝ ነው። ሶሉን በእጅዎ ይዘው እንደ እርጥብ ጨርቅ ለመጭመቅ ይሞክሩ፤ ጥቂት መጠምዘዝ እንጂ እጥፍጥፍ ማለት የለበትም። መታጠፍ ያለበት ጣቶች ሥር ብቻ ነው፤ መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ይመልሱት። ጥርሱ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ተረከዙ ሥር ከፊተኛው ክፍል ተለይቶ ደረጃ የሠራ ጠርዝ ይኑረው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚሆነው ያ ጠርዝ ነው። ከኋላ ተረከዝን የሚያቅፈው ክፍል በአውራ ጣት ሲጫኑት መስመጥ የለበትም። ጎርቴክስ የሚል ምልክት ላለበት ትርፍ ገንዘብ አያውጡ፤ ታኅሣሥ በሰሜን ተራሮች ደረቅ ወቅት ነው፤ ውሃ የማያስገባ ጫማ ደግሞ ላብም ቶሎ አያስወጣም።

ልኩ ከዓይነቱ ይበልጣል። ሦስት ወይም አራት ቀን በተከታታይ ጥፍር የሚያጠቁር ውድ ጫማ፣ በልክ ከተገኘ ርካሽ ጫማ አይሻልም። ማታ ላይ፣ እግርዎ አብጦ ከዋለ በኋላ፣ ለጉዞ የሚያደርጉትን ካልሲ አድርገው ተረከዝዎን ከግድግዳ አስጠግተው ወረቀት ላይ ይቁሙ። እርሳሱን ቀጥ አድርገው ከረጅሙ ጣትዎ ጫፍ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ረጅሙ ጣት አውራ ጣት ላይሆን ይችላል። ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ የሚገዛው ለትልቁ ነው። ከዚያ ልኬት ላይ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይጨምሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ቁጥር ማለት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለቢሮ 42 የሚያደርግ ሰው ለተራራ 43 አንዳንዴም 44 ቢሆንለት አይገረም።

ሱቅ ውስጥ የውስጡን ንጣፍ አውጥተው መሬት ላይ ይቁሙበት። ተረከዝዎ ከኋላ ጫፉ ጋር ሲገጥም ከፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ስፋት መትረፍ አለበት፤ ከጎን ደግሞ እግርዎ ከንጣፉ መፍሰስ የለበትም። ቁጥሩ የጠፋ ወይም ግራ የሚያጋባ ጫማ ሲያጋጥም ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ከዚያ አስረው ቁልቁል ይሂዱበት። ደረጃ ካለ ደረጃ፣ ከሌለ ዘንበል ያለ የእግረኛ መንገድ ይፈልጉ፤ እየወረዱ ጠንከር ብለው ይርገጡ። ጣትዎ ከፊት ከነካ፣ አንዴም ቢሆን፣ አይግዙት። ባለሱቁ «ሲጫሙት ይለቃል» ማለቱ አይቀርም። ጎኑ ሊለቅ ይችላል፤ ርዝመቱ ግን በፍጹም አይጨምርም።

ሰልባጅ የሚገዙ ከሆነ፣ ጥሩ ጫማ በጥሩ ዋጋ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ስለሆነ አንቃወምም። ለካርቶኑ ቡት የነገርንዎትን የጥፍር ፈተና እዚያም ይድገሙት፤ ሰልባጅ ቡት ስንት ዓመት መጋዘን እንደቆየ ሻጩም አያውቅም። ጫማውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ በኩል ዝቅ ብለው ይዩት፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዘመመ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ታትሞበታል፣ ያ መዝመም ወደ ጉልበትዎ ይመጣል። እጅዎን ከተተው የተረከዙን ገበር ይዳስሱ፤ ከተቀደደ ሁለት ሰዓት ሳይሄዱ ውሃ ይቋጥራሉ። ያበራ ቀለም አያታልልዎ፤ ሻጮቹ ቀለም መቀባት ይችሉበታል።

የተገዛው ጫማ ከጉዞው በፊት ቢያንስ 50 ኪሎ ሜትር ይሂድ። የጥጥ ካልሲ ይተዉት፤ ላብ ይዞ ይቀራል፣ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። ከሱፍ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ፣ ስፌቱ ጣት ላይ የማይጎረብጥ ካልሲ ይምረጡ። መንገድ ላይ ምሳ ሰዓት ይቀይሩትና እርጥቡን ሻንጣ ላይ አንጠልጥለው ያድርቁት። እግርዎ ላይ አንድ ቦታ ሞቅ ሞቅ ሲልዎ ቡድኑን አስቁመው ወዲያው ፕላስተር ይለጥፉበት። ሰው እንዳያስቆሙ አፍረው የሚሄዷት ግማሽ ሰዓት ናት ውሃ የምታስቋጥረው።

የጫማዎን ማሰሪያ ለዳገትና ለቁልቁለት አንድ ዓይነት አድርገው አይሰሩት። ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ይቀመጡ፤ ማሰሪያውን ሙሉ በሙሉ ያላሉ፤ ተረከዝዎን መሬት ላይ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርገው ወደ ኋላ ያስገቡት። ጣቶች ያሉበትን ክፍል ልል አድርገው ይተዉ። እግር በሚታጠፍበት ቦታ፣ የጫማው ምላስ ከእግር ፊት ጋር በሚገናኝበት፣ ማሰሪያውን አንዱን በሌላው ላይ ሁለቴ ጠምዝዘው ይሳቡ፤ ያ ቋጠሮ ከታች ያለው ልል፣ ከላይ ያለው ጥብቅ ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል። ከዚያ ወደ ላይ ጠበቅ አድርገው ይጨርሱ። አሁን እግርዎ ወደ ፊት አይንሸራተትም። ጥፍርዎን ከጉዞው ሦስት ወይም አራት ቀን ቀድመው ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ በዋዜማው የተቆረጠ ጥፍር ያቆስላል።

ልምምዱን በተመለከተ 12 ሳምንት ያህል አለዎት፤ ይበቃል፣ ግን ዛሬ ከተጀመረ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ተራራ አይሂዱ። 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ በአንድ እግር ይቁሙ፤ ሌላኛውን እግር ወደ ፊት አንጠልጥለው እስከ አራት እየቆጠሩ በዝግታ ይውረዱ፤ ተረከዝዎ መሬቱን ነካ ሲያደርግ ሳያርፉበት ተመልሰው ይነሡ። የቆሙበት ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይዘም፣ ከእግርዎ ሁለተኛ ጣት አቅጣጫ እንዳይወጣ መስታወት ፊት ቢሠሩት ይሻላል። በእያንዳንዱ እግር 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ግራው ቢቆረጥምዎ ከፍታውን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉ እንጂ አይተዉት። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ሊፍት የለም ብለው ያማረሩበት ደረጃ አሁን ይጠቅምዎታል፤ ከመሬት እስከ አራተኛ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ አሥር ጊዜ ሲመላለሱ 120 ሜትር ወጡና ወረዱ።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን እንጦጦ። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ዳገት አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሽቅብ በእግር፣ ቁልቁል በታክሲ ይሁን። ያስቃል፣ ግን ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ መመጠን ያለበት ቁልቁለቱ ስለሆነ። ቀጥሎ እስከ ግማሽ በእግር ይውረዱ፣ ከዚያ ሙሉውን፣ ከዘጠነኛው ሳምንት በኋላ በአንድ ቀን ሁለቴ። ሻንጣ ሲጀምሩ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ይዘው ይውጡ፤ ጫፍ ላይ አፍስሰው ቀለል ብለው ይውረዱ፤ ሳንባዎ ይሠራል፣ ጉልበትዎ ይተርፋል። በኋለኞቹ ሳምንታት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይዘው ቢወርዱ ይበቃል፤ በሰሜን ተራሮች ዋናውን ጭነት በቅሎ ነው የሚሸከመው። ጡንቻ አንዴ በቁልቁለት ከተጎዳ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ያንኑ ያህል ቁልቁለት በቀላሉ ይችላል፤ የዚህ ሁሉ ልምምድ ምሥጢር ይኸው ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ከባድ ቁልቁለት ከጉዞው ከ10 እስከ 14 ቀን በፊት ያድርጉት፤ የመጨረሻው ሳምንት ቀላል የሜዳ መንገድ ብቻ ይሁን። ኅዳር 15 የሚገባውን የገና ጾም የሚጾሙ ከሆነ ከባዱን ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ያድርጉት፤ ከተመለሱ በኋላም ሽሮና ምስሩን አያሳንሱ።

አወራረድ መማር ከፈለጉ እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች እግር ልብ ብለው ይዩ። እርምጃቸው አጭር ነው፤ ጉልበታቸው መቼም ቀጥ ብሎ አይቆለፍም፤ ሰውነታቸው ወደ ኋላ አይንጋለልም። ጀማሪ የሚወድቀው ፈርቶ ወደ ኋላ ሲንጋለል ነው፤ ክብደቱ ተረከዝ ላይ ብቻ ያርፍና ተረከዙ ይንሸራተታል። አፍንጫዎ ከእግርዎ ጣቶች በላይ ይሁን፣ ዓይንዎ ሦስት አራት እርምጃ ቀድሞ ይሂድ፣ መንገዱ ሲከፋ ሰያፍ ይውረዱ። ዱላ ይያዙ፤ ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል፤ ከጉልበት ላይ ጭነት ይቀንሳሉ። በሜዳ ላይ ክርንዎ ቀጥተኛ ማዕዘን የሚሠራበት ቁመት ልክ ነው፤ ለቁልቁለት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያስረዝሙት፤ ከእግርዎ ቀድመው ይትከሉት። የባሕር ዛፍ እንጨትም ይሠራል።

ሁለቱም ጭኖች እኩል ቢያሙዎ፣ በሦስት ቀን ውስጥም ቢለቅ ጤና ነው። የጉልበቱ ቁርጥማትም ቀለል ያለ ሆኖ በማግስቱ ጠዋት ከጠፋ ይቀጥሉ። ጉልበት ካበጠ፣ ሲታጠፍ ከቆለፈ፣ ከከዳዎት ወይም ሌሊት ካሳመመ ግን ልምምዱን አቁመው የአጥንት ሐኪም ይዩ። ዳገት ላይ ደረት ቢጫንዎትም እንዲሁ ሐኪም ሳያዩ አይቀጥሉ። አዲስ አበባ መኖር ለከፍታው ጥቂት ያግዛል እንጂ አያድንም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አያድርጉ፤ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከመንገዳገድ ጋር ከመጣ መውጣት ቀርቶ መውረድ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊትም የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያጣሩ፤ ስካውት (አብሮ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) እና በቅሎም እዚያው ነው የሚያዘው።

የጉልበት ማሰሪያውን በተመለከተ፦ ላስቲኩ ጉልበትን ያሞቃል፣ ልብንም ያረጋጋል፤ አንዳንድ ሰው ቁርጥማቱ ቀለል ይልለታል፣ አይጎዳምም። የጭንዎን ሥራ ግን አይሠራልዎትም። ከገዙ ሎሚው ያለበት ቦታ ክፍት የሆነውን ይምረጡና ለቁልቁለት ብቻ ያድርጉት፤ ሌሊት ያውልቁት። ሁለት ጣት ከሥሩ ካልገባ ጠብቋል፤ ባትዎ ሲደነዝዝ ወይም እግርዎ ሲቀዘቅዝ ካዩ ያኔውኑ ይፍቱት።